ስኳር ሲወርድና ሲወጣ፦ ሕክምና ገና ለጀመረ ሰው

መለኪያው 180 ቢያሳይዎትና ምሳ ከበሉ ሁለት ሰዓት ያህል ቢሆንዎት ብዙም አያሳስብም። ይኸው 180 ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ከታየና ከቀን ወደ ቀን ከተደጋገመ ግን የሌሊቱን ስኳር የሚይዘው መድኃኒት አልበቃም ማለት ሊሆን ይችላል። ቁጥር ብቻውን አይናገርም። ሰዓቱን፣ የተበላውን፣ የተወሰደውን መድኃኒትና የተሠራውን ሥራ ከጎኑ አስቀምጦ ማንበብ ያስፈልጋል። ስኳር እንዳለባቸው በቅርቡ የተነገራቸው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንድ ከፍ ያለ ቁጥር ያዩና ራት ይተዋሉ ወይም ክኒን ይደርባሉ፤ ሌሊት ደግሞ ስኳራቸው ወርዶ ቤተሰቡን ያስደነግጣሉ።

ሁለቱ ችግሮች ፍጥነታቸው አንድ አይደለም። መውረድ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ አንጎል ስኳር ሲያጣ ሰው ግራ ይጋባል፣ ቀጥሎም ራሱን ይስታል። መውጣት ግን በአብዛኛው የሰዓታትና የቀናት ጉዳይ ስለሆነ ለመለካት፣ ውኃ ለመጠጣት፣ ባለሙያ ለመጠየቅ ጊዜ ይሰጣል። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚጥል ክኒን የሚወስድ ሰው የሚሰማው ነገር መውረድ ይሁን መውጣት መለየት ቢያቅተውና መለኪያ በእጁ ባይኖር እንደ ወረደ ቆጥሮ ስኳር ይውሰድ። ከፍ ባለ ስኳር ላይ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር መጨመር ብዙ አይጎዳም፤ በወረደ ስኳር ላይ ዝም ማለት ግን ሕይወት ያሳጣል።

ቁጥሮቹ

ኢትዮጵያ ውስጥ ላቦራቶሪዎችና አብዛኞቹ የጣት መለኪያዎች የሚጠቀሙት ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ለብዙ አዋቂዎች ግቡ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ መብላት ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው። ከ70 በታች ከሆነ፣ ምንም ባይሰማዎትም፣ ስኳር ወርዷል። ከ54 በታች አደገኛ ነው። ወደ ላይ ሲሄድ ከ180 በላይ አንድ ጊዜ መታየቱ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ ከ250 በላይ ሆኖ ሕመም ካለ፣ ወይም ከ300 በላይ ተደጋግሞ ከታየ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ይጠይቁ።

እነዚህ ግቦች ለሁሉም እኩል አይሠሩም። ለነፍሰ ጡር ጠበብ ይላሉ፦ ሳይበሉ ከ95 በታች፣ ከምግብ በኋላ በአንድ ሰዓት ከ140 በታች፣ በሁለት ሰዓት ከ120 በታች። ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ኩላሊታቸው ለደከመ፣ ለብቻቸው ለሚኖሩ ሰዎች ደግሞ ሐኪሙ ሆን ብሎ ያላላላቸዋል፤ ለእነሱ ከ150 ይልቅ የሚያሰጋው 60 ነው። በምርመራው ቀን የሰሙትን 126 ግብ አድርገው አይያዙት፤ እሱ ሳይበሉ የሚለካ ስኳር በሽታ መሆን አለመሆኑ የሚለይበት ወሰን ነው።

በሕክምና ቦታ «የሦስት ወር ምርመራ» የሚባለው ያለፉትን ሳምንታት አማካይ በመቶኛ ያሳያል። 7 በመቶ ሲሆን አማካዩ 154 ገደማ፣ 9 በመቶ ሲሆን 212 ገደማ ነው። አማካይ ስለሆነ መውረዱንም መውጣቱንም ይደብቃል፤ ቀን 50፣ ማታ 260 የሚሆን ሰው ጥሩ ውጤት ይዞ ሊመለስ ይችላል። ደም ማነስ ያለበት ሰው ውጤቱ ሊዛባ ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገር።

ከውጭ ዘመድ መለኪያ የላከላችሁ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። በእንግሊዝና በስዊድን የሚሸጡት የሚያሳዩት ሚሊሞል በሊትር ነው፣ በአሜሪካ ያሉት ደግሞ እንደ እኛው ሚሊግራም። በሚሊሞል 4 ማለት 72፣ 7 ማለት 126፣ 10 ማለት 180፣ 15 ማለት 270 ነው፤ በ18 ማባዛት ይበቃል። «ስኳሬ 9 ሆነ» ብሎ የደነገጠ ሰው ስኳሩ 162 ነበር ማለት ነው። ከዚህ የሚከፋው የስትሪፕ፣ ማለትም ደሙ የሚነካበትና መለኪያው ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቁራጭ፣ ጉዳይ ነው፦ እያንዳንዱ መለኪያ የራሱን ስትሪፕ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ አብረው የመጡት ሃምሳ ስትሪፖች ሲያልቁ መለኪያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። መሣሪያውን ከመቀበልዎ በፊት ስትሪፑ በአካባቢዎ መድኃኒት ቤት መኖሩንና ዋጋውን ይጠይቁ።

በመለኪያው ላይ በቁጥር ፋንታ የእንግሊዝኛ ፊደላት ከመጡ መሣሪያው አልተበላሸም። «ሃይ» የሚለው በብዙዎቹ መለኪያዎች ከ600 በላይ፣ «ሎ» የሚለው ከ20 በታች ማለት ነው፤ አንዳንዶቹ ወሰናቸው ስለሚለይ መመሪያው ላይ ያረጋግጡ። ሁለቱም ድንገተኛ ናቸው።

መለኪያው ሲዋሽ

ብርቱካን ወይም ማንጎ ከላጡ በኋላ ሳይታጠቡ ቢለኩ ጣት ላይ የቀረው ስኳር ቁጥሩን በብዙ ያስወጣዋል። እጅዎን በሳሙናና በውኃ ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ እርጥብ ጣት ደሙን ያቀጥነዋል። አልኮል ከተጠቀሙም እስኪደርቅ ይጠብቁ። የጣቱን መሃል ሳይሆን ጎኑን ይውጉ፤ ሕመሙ ይቀንሳል። ደም እምቢ ካለ እጅዎን ወደ ታች አንጠልጥለው ያራግፉ እንጂ ጣትዎን አጥብቀው አይጭመቁ፤ ሲጨመቅ ከደሙ ጋር ሌላ ፈሳሽ ይወጣል። ስትሪፑ ጊዜው ያለፈበት ከሆነ፣ ወይም ብልቃጡ ተከፍቶ ካደረ፣ ውጤቱን አይመኑት፤ እርጥበትና ሙቀት ያበላሹታል።

ደግሞም ጥሩ መለኪያ እንኳ ስንዝር አያጓድልም ማለት አይደለም። ዓለም አቀፉ መስፈርት ከ100 በላይ ላሉ ቁጥሮች 15 በመቶ፣ ከ100 በታች ላሉት 15 ሚሊግራም ወዲያና ወዲህ ይፈቅዳል። ስለዚህ በአንድ ደቂቃ ልዩነት 148 እና 161 ቢያገኙ ስኳርዎ አልተለወጠም። ስሜትዎና ቁጥሩ ካልተስማሙ፣ ለምሳሌ ላብ እያጠመቀዎት መለኪያው 140 ካለ፣ እጅዎን ታጥበው በሌላ ጣት ይድገሙ።

ስትሪፕ ውድ ነው፤ በየቀኑ ብዙ ጊዜ መለካት የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ባሉዎት ጥቂት ስትሪፖች ብዙ ለመማር እያፈራረቁ ይለኩ፦ አንድ ቀን ከቁርስ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ሌላ ቀን ከምሳ በፊትና በኋላ፣ ሌላ ቀን ከራት በፊትና ሊተኙ ሲሉ። አንድ ሙሉ እንጀራ በሽሮ ስኳርዎን በምን ያህል እንደሚያስወጣው፣ ግማሹ ከጎመንና ከምስር ጋር ደግሞ ምን እንደሚያደርገው የሚነግርዎት ይህ ልኬት ነው። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፣ ነገር ግን ስታርች አለው፤ እንጀራ በብዛት ሲበላ ስኳር ይወጣል። ማርም እንዲሁ፤ «የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚባለውን አይቀበሉ።

ሲወርድ

ስኳር የሚወርድበት ሰው በዋናነት ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድና ግሊሜፒራይድ ያሉ ክኒኖችን የሚወስድ ነው። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከመጠን በታች የሚወርደው ከስንት አንዴ ነው። የትኛውን እንደሚወስዱ ካላወቁ ዛሬውኑ ማሸጊያውን ይዘው መድኃኒት ቤት ይጠይቁ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ምን ያህል እንደሚመለከትዎት የሚወስነው እሱ ነው።

መጀመሪያ የሚመጡት ሰውነት የሚያሰማቸው የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ናቸው፦ ቀዝቃዛ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ ድንገተኛና የማይታገሡት ረኃብ፣ የከንፈር መደንዘዝ። ካልታከመ አንጎሉ ራሱ ይራባል፤ ያኔ ሰውየው ይነጫነጫል፣ የጀመረውን ይረሳል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ ዓይኑ ብዥ ይልበታል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል። የሚያየው ሰው ሰክሯል ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ በተለይ ጠጅ ወይም አረቄ ከሸተተ። ለደም ግፊት ወይም ለልብ እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ሊደበቅበት ይችላል፤ ላቡ ግን አይቀርም፤ እሱን ምልክት ያድርገው።

ምልክቱ ሲሰማዎት ወይም መለኪያው ከ70 በታች ሲል፦

1. ያሉበት ይቁሙ። እየነዱ ከሆነ ዳር ይዘው ሞተር ያጥፉ፤ መሰላል ላይ ከሆኑ ይውረዱ።
2. 15 ግራም ያህል ቶሎ የሚሠራ ስኳር ይውሰዱ። ይህ ማለት በግማሽ ብርጭቆ ውኃ የተበጠበጠ፣ ሳይቆለል የተሰፈረ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም ከ300 ሚሊሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ግማሹ ነው። ስኳር የሌለው «ዜሮ» ለስላሳ አይጠቅምም።
3. 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ቁጭ ይበሉ።
4. እንደገና ይለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ያንኑ 15 ግራም ይድገሙ።
5. ከ70 በላይ ሲሆን፣ የሚቀጥለው ምግብ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚርቅ ከሆነ ቁራሽ ዳቦ፣ እፍኝ ቆሎ ወይም አንድ ኩባያ ወተት ይጨምሩ፤ የጠጡት ስኳር ቶሎ ያልቃል።

እዚህ ላይ የሚሠሩ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው ቸኮላት፣ ብስኩት ወይም እንጀራ መስጠት ነው። ቅባቱና ፋይበሩ ስኳሩ ወደ ደም እንዳይገባ ያዘገዩታል፤ ሰውየው እየበላ ይወድቃል። ሁለተኛው 15 ደቂቃውን አለመጠበቅ ነው። ረኃቡ ስለሚያስፈራ ሰው ሙሉ ጠርሙሱን ይጠጣል፣ ዳቦ ይደርባል፣ ማርም ይልሳል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ 320 ይሆንና ያንን ለማውረድ ተጨማሪ ኢንሱሊን ይወጋል። መውጫና መውረጃው የሚደጋገምበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ለልጆች መጠኑ ያንሳል፦ ለእያንዳንዱ ኪሎ 0.3 ግራም ገደማ። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 6 ግራም፣ ማለትም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ስኳር ይበቃል።

ራሱን የሳተ ወይም መዋጥ ያቃተው ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ሻይም፣ ውኃም፣ ለስላሳም ቢሆን። ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ ያስተኙት፣ ልብሱን ያላሉለት፣ ኢንሱሊን አይስጡት፣ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ያድርሱት፤ እዚያ በደም ሥር ግሉኮስ ይሰጡታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ለአምቡላንሱም ለሐኪሙም መጀመሪያ የሚነገረው ቃል «የስኳር መድኃኒት ይወስዳል» የሚለው ነው።

ስኳሩ የወረደው በግሊቤንክላሚድ ከሆነ አንድ ጊዜ ስለተስተካከለ አለቀ አይበሉ። መድኃኒቱ ከሰውነት ለመውጣት ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ በተለይ በአዛውንትና ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ ከሰዓታት በኋላ ስኳሩን መልሶ ሊጥለው ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ሌሊቱን ለብቻው አይተኛ፤ ሐኪም ቤት ቢያድር የተሻለ ነው። ሹፌሮች ደግሞ ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ ቢያንስ 45 ደቂቃ ሳይሞላ መሪ አይያዙ፤ አንጎል ከደሙ ዘግይቶ ነው የሚመለሰው።

ለምን ወረደ የሚለውን ሁልጊዜ ይፈልጉት። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ መድኃኒት ተወስዶ ምግብ መዘግየቱ ነው። ደመናማ መልክ ያለው ኤን ፒ ኤች ኢንሱሊን ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የወጋ ሰው ጉልበቱ ከቀኑ 5 እስከ 11 ሰዓት ይመጣበታል፤ ምሳ የዘለለ እንደሆነ የሚወድቀው ለዚህ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ የወጋም እንዲሁ፣ ከሌሊቱ 5 እስከ 11 ሰዓት። ከባድ ሥራም ያወርዳል፤ አጨዳ የዋለ ወይም ረጅም መንገድ በእግሩ የሄደ ሰው ስኳሩ ሥራው ካለቀ ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ላይ፣ ሊወርድ ይችላል። አልኮል ጉበት ስኳር እንዳያመርት ስለሚከለክል በባዶ ሆድ የተጠጣ አረቄ ጣጣው እስከ ማግስቱ ጠዋት ይቆያል። ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን የሚባለው መድኃኒትም ስኳር ይጥላል፤ ወባ ሲታከሙ ስኳር እንዳለብዎት ይናገሩ።

ሲሪንጁንም ይመልከቱ። በ1 ሚሊሊትር 100 ዩኒት ላለው ኢንሱሊን ለ100 ዩኒት የተሠራ ሲሪንጅ ነው የሚያስፈልገው። በ40 ዩኒት ሲሪንጅ ከተቀዳ መጠኑ ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ብልቃጡ ላይ ያለው ቁጥርና ሲሪንጁ ላይ ያለው አንድ መሆኑን በገዙ ቁጥር ያመሳክሩ።

ሳይወርድ የወረደ የሚመስልበት ጊዜ

ይህ አዲስ ታካሚዎችን ከሁሉም በላይ ግራ ያጋባል። ለወራት በ300 የኖረ ሰውነት በሕክምና ወደ 120 ሲመለስ የተራበ ይመስለዋል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ቢለኩ 115 ነው። ይህ እውነተኛ መውረድ አይደለም፤ ሰውነት ጤናማውን ቁጥር እየለመደ ነው። ስኳር አይጠጡ፤ ቁጭ ብለው ይረፉ፣ ካልተቻለ ጥቂት ቆሎ ይቆርጥሙ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። መድኃኒቱ «አልተስማማኝም» ብለው የሚያቋርጡ ብዙዎች ያቋረጡት በዚህ ስሜት ነው፤ እናም ከማቋረጥ በፊት ቢለኩ ኖሮ ነገሩ ይገባቸው ነበር።

የዓይን ብዥታም በነዚሁ ሳምንታት ሊመጣ ይችላል። ስኳሩ በፍጥነት ሲቀንስ በዓይን ሌንስ ውስጥ ያለው ፈሳሽ መጠን ይለወጣል። መነጽር ለመግዛት አይጣደፉ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠብቁ፣ አለበለዚያ መነጽሩ ከወር በኋላ አይሆንዎትም። የዓይን ምርመራው ግን አይቅር።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ አለ። ስኳሩ ተደጋግሞ የሚወርድበት ሰው ማስጠንቀቂያው ይደክማል፤ 45 ሆኖም ምንም ሳይሰማው ይቆይና በድንገት ይወድቃል። ለሁለትና ሦስት ሳምንት ያህል ምንም መውረድ እንዳይኖር መጠኑ ከሐኪም ጋር ከተስተካከለ ምልክቶቹ ብዙ ጊዜ ይመለሳሉ።

የሌሊት መውረድ በላብ የራሰ አንሶላ፣ በቅዠትና ጠዋት በሚነሣ ራስ ምታት ይታወቃል። ጠዋት ጠዋት ስኳርዎ ከፍ የሚል ከሆነ የማታውን መድኃኒት ከመጨመርዎ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነሥተው ይለኩ። በዚያ ሰዓት ከ70 በታች ከሆነ ችግሩ መውረድ ስለሆነ መድኃኒት መጨመር ያባብሰዋል። ከፍ ብሎ ካገኙት ግን የማታው መጠን አልበቃም፤ ደህና ሆኖ ሊነጋ ሲል ብቻ ከወጣ ደግሞ ሰውነት ለመንቃት ሲዘጋጅ የሚለቃቸው ሆርሞኖች ናቸው። ሐኪሙ ሦስቱን የሚያክማቸው በተለያየ መንገድ ነው።

ሲወጣ

ጥማት፣ ሽንት መመላለስ፣ ድካም፣ የዓይን ብዥታ፣ አልድን ያለ ቁስል፣ የብልት ማሳከክ፤ እነዚህ ቀስ ብለው ስለሚመጡ ሰው ይለምዳቸዋል። ለዚህ ነው ከፍታን በስሜት መከታተል የማይቻለው። ስኳሩ 280 ሆኖ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው አይዋሽም፤ አይሰማውም።

አንድ ከፍ ያለ ቁጥር ሲያገኙ እጅ ታጥበው ይድገሙ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ከዚያ ምክንያቱን ይፈልጉ። የተረሳ መድኃኒት? የልደት ኬክ? በሰርግ ቤት የተደጋገመ ለስላሳ? እነዚህ ካልሆኑ ኢንፌክሽንን ይጠርጥሩ፦ የጥርስ፣ የሽንት ቧንቧ፣ የእግር ቁስል። ሳልና ክብደት መቀነስ ካለ የቲቢ ምርመራ ያስፈልጋል። ለአስም፣ ለአለርጂ ወይም ለመገጣጠሚያ የሚሰጡ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ስኳርን ክፉኛ ያስወጣሉ፤ በራስዎ አያቋርጧቸው፣ ግን የስኳር ሐኪምዎ ይወቅ።

ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ደግሞ ብልቃጡን ይመርምሩ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በፍሪጅ ይቀመጣል፤ በረዶ ቤቱ ጋ አይጠጋ፣ አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ ቢሟሟም አይሠራም። የተከፈተው ከፀሐይ ርቆ በጥላ ውስጥ 28 ቀን ያህል ያገለግላል፤ የከፈቱበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉበት። አንድ ብልቃጥ 1000 ዩኒት ስለሆነ በቀን 20 ዩኒት የሚወጋ ሰው ሳያልቅ ቀኑ ያልፍበታል። ፍሪጅ በሌለበት ቦታ ሁለት የሸክላ ማሰሮ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጎ መሃላቸውን በእርጥብ አሸዋ መሙላትና በእርጥብ ጨርቅ መክደን ይረዳል፤ ብልቃጡ ውኃ በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ይሁን። ትነቱ ስለሚያቀዘቅዝ ደረቅ አየር ባለበት አካባቢ በደንብ ይሠራል።

ደመናማው ኢንሱሊን ከመቀዳቱ በፊት በመዳፍ መሃል 10 ጊዜ ይንከባለል፣ 10 ጊዜም ይገለበጥ፤ በኃይል አይናጥ። ካልተቀላቀለ አንድ ቀን ቀጭኑ፣ ሌላ ቀን ወፍራሙ ስለሚቀዳ ስኳር ያለ ምክንያት ይዋዥቃል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ መውጋትም ቆዳ ሥር እብጠት ይሠራል፤ እዚያ የተወጋ ኢንሱሊን ወደ ደም የሚገባው እንደ ዕድሉ ነው። ሆድዎን በጣት ዳብሰው ጠንከር ያለ ቦታ ካገኙ ለወራት ያሳርፉት። ቦታ ሲቀይሩ መጠኑ ያው ሆኖ ስኳሩ ሊወርድ ስለሚችል ሐኪምዎን አስቀድመው ያማክሩ።

ከፍታን ለማውረድ መደራረብ አደገኛ ነው። ጥርት ያለው መደበኛ ኢንሱሊን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይሠራል። ከሁለት ሰዓት በኋላ «አልወረደም» ብለው ቢደግሙ ሁለቱ ሌሊት ላይ ይገናኛሉ።

ወደ ሐኪም ቤት የሚያስሮጠው ከፍታ

ሰውነት ኢንሱሊን ሲያጣ ስብ ያቃጥላል፤ ከዚያ የሚወጣው ኬቶን የሚባል አሲድ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ የበሰለ ፍራፍሬ የሚመስል የአፍ ሽታ፣ መደንዘዝ ምልክቶቹ ናቸው። በልጆች ላይ ብዙ ጊዜ የጨጓራ ወይም የወባ ሕመም ይመስላል። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው፣ ማለትም ቆሽቱ ኢንሱሊን ማምረት ያቃተው፣ ስኳሩ ከ250 በላይ ሆኖ ካስመለሰው የሽንት ኬቶን ይለካ፤ መለኪያው ከሌለ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ። በዕድሜ የገፉ የዓይነት 2፣ ማለትም ኢንሱሊን እያለ በደንብ የማይሠራላቸው፣ ታካሚዎች ደግሞ ሳያስመልሳቸው ለቀናት ሽንት እየሸኑ፣ ውኃ እያጡ፣ ስኳሩ ከ600 አልፎ በመደናገርና በእንቅልፍ ብዛት ሊታወቅባቸው ይችላል። «አርጅተው ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ስኳር ያለበት ሰው ሲታመም ምግብ ስላልበላ መድኃኒቱን ሁሉ መተው እንዳለበት ያስባል። ዓይነት 1 ላለበት ሰው ይህ ሞት ነው። ሕመም ራሱ ስኳር ያስወጣል፤ ለረጅም ሰዓት የሚሠራው ኢንሱሊን አይቋረጥም፣ መጠኑን ሐኪም ያስተካክለዋል። በየ4 ሰዓቱ ይለኩ፣ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይጠጡ፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎት ግን የውኃውን መጠን አስቀድመው ይጠይቁ። ምግብ እምቢ ካለ አጥሚት ወይም ስኳር ያለው ሻይ በጥቂት በጥቂቱ ይውሰዱ። በተቅማጥ ጊዜ ኦ አር ኤስ መጠጣት ይቻላል፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ግሉኮስ 13.5 ግራም ብቻ ነው። ሜትፎርሚን፣ እንዲሁም ኤምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የሚባሉት የስኳር ክኒኖች፣ እያስመለሰና ውኃ እያለቀ ባለበት ሰዓት አይወሰዱም፤ መቼ እንደሚቀጥሉ ሐኪሙን ይጠይቁ። ስኳር የሚጥለውን ክኒን ሳይበሉ አይዋጡ፤ ስለሱም በዚያው ቀን ይጠይቁ።

ዓይነት 1 የጀመራቸው ወጣቶችን ወላጆች የሚያታልል አንድ ወቅት አለ። ኢንሱሊን ከተጀመረ ከሳምንታት በኋላ ቆሽት ለጊዜው ያንሠራራና የሚያስፈልገው መጠን በጣም ይቀንሳል፤ ስኳሩ ይወርዳል፣ ልጁ የዳነ ይመስላል። መጠኑ ይቀነስለት፣ ነገር ግን ፈጽሞ አይቁም። ጸበል የሚሄዱም መድኃኒታቸውንና መለኪያቸውን ይዘው ይሂዱ፤ ጸሎቱና መርፌው አይጣሉም። ሽፈራው፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድም በኢንሱሊን ቦታ አይተኩም።

ጾም

የኦርቶዶክስ ጾም ከእንስሳት ተዋጽኦ መከልከሉ ስኳርን አይጥልም፤ የሚጥለው እስከ 9 ሰዓት መቆየቱ ነው። መጾም የሚፈልጉ ሰዎች ከጾሙ ሦስትና አራት ሳምንት በፊት ሐኪማቸውን ያናግሩ፤ የክኒኑና የመርፌው ሰዓት ይቀየራል። በረመዳንም እንዲሁ። የጣት ደም መለካት ጾም አያስፈርስም። በጾም ሰዓት ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ከወጣ ጾሙ ይፈታል፤ «መግሪብ ቀርቧል» ወይም «ቅዳሴው ሊያልቅ ነው» ብሎ መታገሥ አይገባም። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ ጾምን ያቀላሉ፤ ንስሐ አባትዎን ወይም ሼኽዎን አስቀድመው ቢያማክሩ በሰዓቱ ልብዎ አይከፈልም።

የሚያዝና የሚጻፍ

በኪስ ወይም በቦርሳ ውስጥ በፌስታል የተቋጠረ ስኳር አይታጣ፤ አራት የሻይ ማንኪያ እየለኩ በትናንሽ ቋጠሮ ቢያዘጋጁት በደነገጡ ሰዓት አይሰፍሩም። አንዱን ቋጠሮ ከአልጋ አጠገብ፣ አንዱን በሥራ ቦታ ያኑሩ። በወረቀት ላይ «ስኳር አለብኝ፤ ግራ ተጋብቼ ካገኙኝ ስኳር ያለው መጠጥ ይስጡኝ፤ መዋጥ ካልቻልኩ ሐኪም ቤት ይውሰዱኝ» ብለው ከስምዎ፣ ከመድኃኒቱና ከአንድ የቤተሰብ ስልክ ጋር ጽፈው መታወቂያዎ ውስጥ ያድርጉ። አብሮዎት የሚያድር ሰው ስኳር የት እንዳለ ይወቅ፤ አንድ ቀን አብራችሁ ተለማመዱት።

ደብተሩ ላይ በየልኬቱ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ መድኃኒትና መጠኑ፣ የበሉትና ከተለመደው የተለየ ነገር ይጻፍ። መጥፎ ቁጥር ሐኪሙን አያስቆጣውም፤ የተደበቀ ወይም ለማስደሰት የተለሳለሰ ቁጥር ግን መጠኑን ያሳስተዋል። ወደ ቀጠሮ ሲሄዱ ደብተሩን፣ መለኪያውን ራሱን፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉና የሚወጉበትን ሲሪንጅ ይዘው ይሂዱ፤ ነርሷ ፊት አንድ ጊዜ ይለኩ፣ አንድ ጊዜም ይቅዱ፤ እጅ የሚሠራው ስሕተት በደብተር ላይ አይታይም።